ማረሻውን ተቀብለን ሠሪውን ስንገፋ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከዚያ ዝቅ ይላል)

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በአማራ ሳይንት፣ በለጋምቦ ሆናችሁ የምትከታተሉን፣ ከዓባይ ማዶም ድምፃችን የሚደርሳችሁ ሁሉ፣ ስሙን።

የዛሬው ዝግጅታችን ሰውን በትውልዱና በእጁ ሥራ እየለየን ስለምንገፋበት ልማድ ነው። ዘረኝነት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታሰበን የደቡብ አፍሪካው አፓርታይድ ወይም የአሜሪካው የነጭና የጥቁር ጣጣ ነው። ከእኛ ቀዬ የራቀ ይመስለናል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከገበያው ዳር ምጣድና ጀበና ዘርግታ ስለተቀመጠችው ሴት፣ ከመንደሩ ጫፍ ወናፍ ስለሚያናፋው ሰው፣ ጨዋታ በደራበት መሀል ድምፅ ዝቅ ተደርጎ "የእሱ አያት እኮ..." ስለሚባልለት ጎረቤታችን ነው።

ነገሩን ከማረሻ እንጀምር። ደጋችን ያለ ማረሻ ገብስም ስንዴም አያይም። የእርሻ ወቅት ሲደርስ ገበሬው የደነዘ ማረሻውን ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ይወርዳል። ቀጥቃጩ ከሰሉን ያቀጣጥላል፣ ልጁ ወናፉን ይይዛል፣ ብረቱ ፍም ሲመስል በጉጠት አንሥቶ መስፉ ላይ ያኖረዋል፣ በመዶሻ እየደበደበ ያሾለዋል፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ ያጠነክረዋል። ትንሽ ቢሞቅ ወይም ትንሽ ቢቀዘቅዝ ብረቱ ይሰበራል ወይም ይጎብጣል። የብረቱን ሙቀት በዓይኑ ብቻ ለክቶ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ገበሬው ማረሻውን ተቀብሎ በሬዎቹን ይጠምዳል። እህሉ ሲደርስም ለቀጥቃጩ ዋጋው በእህል ይሰፈርለታል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ተረዳድተው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

ያው ገበሬ ልጁን ሲድር ግን ቀጥቃጩ ወይ አይጠራም፣ ወይ ከተጠራም መቀመጫው ለብቻ ነው። የሚጠጣበት ዋንጫ ለብቻ የሚቀመጥባቸው ቤቶች ነበሩ፤ ዛሬም አልጠፉም። እሱ ያረደውን የማይበላ አለ። እናት ሕፃኗን ታቅፋ በቤቱ ደጅ ስታልፍ የልጁን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ ናት። እንጀራችን በእሷ ምጣድ ይጋገራል፣ ወጣችን በእሷ ድስት ይበስላል፣ ቡናችን በእሷ ጀበና ይፈላል። እሷ ግን አቦሉን አብራን እንድትጠጣ ብዙ ጊዜ አትጠራም። ጠይብ፣ ቡዳ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ባሪያ እያልን የምንወረውራቸው ቃላት በሬዲዮ ሲሰሙ ይቀፍፋሉ። የጠራኋቸው ግን ልጆቻችን ገና በጨቅላነታቸው የሚማሯቸው ከእኛው አፍ ስለሆነ ነው።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ምድር ላይ ምክንያት አለው። ዋናው ምክንያት መሬት ነው። በቀድሞው ሥርዓት ክብርም፣ ስምም፣ ሕይወትም የሚገኘው ከርስት ነበር። ርስት ያለው ሰው ባለአገር ነው፤ ርስት የሌለው መጤ ነው። በሃይማኖቱ ወይም በትውልዱ ምክንያት ርስት የተከለከለ ሰው በእጁ ሙያ ከመኖር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ቤተ እስራኤሎች አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች የሆኑት፣ በብዙ የክርስቲያን አገሮች የነበሩ ሙስሊሞች ሸማኔዎችና ነጋዴዎች የሆኑት ከዚህ የተነሣ ነው። መሬት የተነፈገው ሰው ሙያ ያዘ፤ ቆየት ብሎ ሙያው ራሱ የመናቂያ ምልክት ሆነ። መጀመሪያ በሩን ዘጋንበት፣ ቀጥሎም ደጅ በመቆሙ ናቅነው።

ነገሥታቱ ሳይቀሩ የባለሙያ እጅ ሲያስፈልጋቸው ይህ ንቀት አገር እንደሚጎዳ ገብቷቸዋል። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ መቅደላ አምባ ላይ ሴባስቶፖል የተባለው ግዙፍ መድፍ ዛሬም አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ካሠሩት በኋላ ገደል ለገደል፣ በበሽሎ በረሃ አስጎትተው ያወጡት ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ እዚያው አምባ ላይ ሕይወታቸውን አጠፉ፤ መድፉ ግን የቀጥቃጭ ሙያ ለአገር ምን ያህል ተፈልጎ እንደነበር እየመሰከረ ቀረ። ከዚያ 40 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። በአዋጁ ላይ ቀጥቃጩም፣ ሸማኔውም፣ ገበሬውም፣ ጸሐፊውም በየሥራቸው የሚሰደቡበት ስድብ ተነቅፏል። ሐሳቡ ቁርጥ ያለ ነበር፤ በስድባችሁ ብዛት አገሬን ማረሻ የሚሠራ ሰው ልታሳጧት ነው፣ ከእንግዲህ እነሱን የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ እቆጥረዋለሁ የሚል ነው። አስቡት፣ አድማጮቼ። ይህ ከተባለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ንጉሠ ነገሥት የከለከለው ስድብ ዛሬም በትምህርት ቤት ግቢ ይሰማል።

ከሙያው ጎን ለጎን ሌላም ቁስል አለ። በባርነት የኖሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነገር ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመትም አዋጅ ወጣ። ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ላይ ነው። ነፃ የወጡት ሰዎች ግን መሬት አልተሰጣቸውም፤ ብዙዎቹ በቀድሞ ጌቶቻቸው ቀዬ፣ በእነሱው ፈቃድ ሥር ኖሩ። በአማራ አገር በአንዳንድ ቦታ "ጨዋ" እና "ባሪያ" የሚለው ክፍፍል እስከ መቃብር ድረስ ይከተላል። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቦታ ተለይቶ የሚቀበር ሰው አለ። አፈር ከሆንን በኋላ እንኳ አንለያይም ማለት የማይቻልበት አገር ይዘን ስለ እኩልነት ማውራት ከባድ ነው፤ ግን ዝም ማለት የባሰ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የዚህ ልማድ መሠረት የነበረው ርስት ወደቀ። አዋጁ በእጁ ሊያርስ የፈቀደ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ቀጥቃጩም ሸማኔውም የቀድሞው ባሪያም የገበሬ ማኅበር አባል ሆኖ መሬት የተከፋፈለበት ጊዜ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊቀልብን አይገባም። ሆኖም መሬት ያገኘው ሰው ክብር ሳያገኝ ቀረ። ርስቱ ሲጠፋ ንቀቱ መጠለያ ፈልጎ ጋብቻ ውስጥ ገባ።

ጋብቻው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ ነገር ሥሩ ያለው እዚህ ነውና። ልጅ ለመዳር ሲታሰብ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ጠያቂ ይላካል። ሀብቱ ይጠየቃል፣ ጠባዩ ይጠየቃል፣ ከሁሉ በላይ ግን አጥንቱ ይጠየቃል። "አጥንቱ ጥሩ ነው ወይ? ጉድፍ የለበትም?" ክርስቲያኖች እስከ ሰባት ቤት ትውልድ የሚቆጥሩት ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፣ ምክንያቱም ይታወቃል። ያ ቆጠራ ግን እግረ መንገዱን ሌላ ሥራ ይሠራል። ወደ ኋላ እየተቆጠረ ሲሄድ አራተኛው ቤት ላይ አንድ ቀጥቃጭ፣ አምስተኛው ላይ አንዲት የተገዛች ሴት ይገኛሉ፤ ጋብቻው እዚያ ላይ ይቀራል። ሙስሊሞች ሰባት ቤት አይቆጥሩም፤ በሸሪዓው የአጎት ልጅ ማግባትም ይፈቀዳል። አጥንት መጠየቅ ላይ ግን ብዙዎቻችን አንድ ነን። በወሎ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ሳያለያየን ጋብቻ የመሠረትን ሰዎች፣ የአንዲት ሸክላ ሠሪን ልጅ ግን ሁለታችንም እንመልሳለን።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ቆዳ የሚያለፉ፣ ከብት የሚያርዱና ሬሳ የሚገንዙ ሰዎች ተለይተው የሚኖሩባቸው መንደሮች ነበሩ። ነዋሪዎቹ ቡራኩሚን ይባላሉ። በመልክም፣ በቋንቋም፣ በሃይማኖትም ከሌላው ጃፓናዊ አይለዩም። መንግሥት በ1871 እ.ኤ.አ. እኩል ናችሁ ብሎ አወጀላቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1975 እ.ኤ.አ.፣ የእነዚህ መንደሮች ስም ዝርዝር በድብቅ በመጽሐፍ ታትሞ ለትልልቅ ኩባንያዎች እየተሸጠ መሆኑ ተጋለጠ። ኩባንያዎቹ ሥራ ፈላጊው ከየት መንደር እንደመጣ ለማጣራት ይጠቀሙበት ነበር። ወላጆችም የልጃቸውን እጮኛ ትውልድ የሚያጣራ ሰላይ በገንዘብ ይቀጥሩ ነበር። በሠለጠነ ከተማ፣ ፈጣን ባቡር በሚበርበት አገር፣ ጠያቂ ይላክ ነበር ማለት ነው። ዘመን ብቻውን ይህን ነገር አይሽረውም። ልጆቻችን ተምረዋልና ይቀራል ብለን የምንጠብቅ ካለን፣ ጃፓንን እንይ።

አሁን ወደ ቡዳ ጉዳይ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነውና። ልጅ በድንገት ይታመማል። ያተኩሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ዓይኑ ይገለበጣል። "በላው" ይባላል። ዙሪያውን ከብበው "ማን ነው የበላህ? ተናገር!" ይሉታል። ትኩሳቱ ያስለፈልፈዋል፤ ከሚለፈልፈው መሀል አንድ ስም ይወጣል። ያ ስም የቀጥቃጩ ወይም የሸክላ ሠሪዋ ይሆናል። ታዲያ የማን ስም ሊጠራ ነበር? ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ "ከእነሱ ደጅ አትሂድ፣ ይበሉሃል" ሲባል ያደገ ነው። ፍርሃቱን ያስተማርነው እኛ፣ ስሙን ያስያዝነው እኛ፣ ሲጠራው ደግሞ ማስረጃ አገኘን የምንል እኛ።

ድንገት የሚያስለፈልፍና የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፣ ወደ ቆላ ወርዶ የተያዘ ከባድ ወባ ሊሆን ይችላል፣ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፣ የሳንባ ምች ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ማጅራት ገትር በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ጨርቅ እያጨስን፣ ስም እያስጠራን፣ የተጠራውን ሰው መጥተህ እንትፍ በል እያልን የምናባክነው ሰዓት የልጁ ሕይወት ነው። ጠበል የሚያምን ጠበሉን ይጠጣ፣ ዱዓ የሚያደርግ ዱዓውን ያድርግ፤ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን ልጁ አስቀድሞ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። አንድ ስም ጠርተን የምናመጣው ፈውስ የለም፤ የምናመጣው ሌላ ጉዳት ነው። የተጠራው ሰው ለዕድሜ ልኩ "በላተኛ" ሆኖ ይቀራል፤ የተደበደቡ አሉ፣ ቀዬ ለቀው የተሰደዱ አሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አንዳንዶቻችሁ በዚህ ጊዜ "ወሎ እኮ የፍቅር አገር ነው፤ እኛ ሰው አንለይም" ትሉ ይሆናል። ይህን ለማቃለል አልፈልግም፤ እውነት አለበት። የአባቱ ስም ይማም፣ የራሱ ስም ኪዳኔ የሆነ ሰው ማየት ለሌላው አገር ተአምር ነው፤ ለእኛ የዕለት ነገር ነው። ቅሬያችን፣ ሌላው ዕድር የሚለው፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ያቅፋል። የአንዱን ሬሳ ሌላው ይሸከማል፤ የአንዱን ድንኳን ሌላው ይተክላል። በረመዷንም በፋሲካም ቤታችን ክፍት ነው። የወረዳዎቻችን ስሞች ራሳቸው፣ ቦረና፣ ለጋምቦ፣ ለጋሂዳ፣ የኦሮሞ አባቶቻችንን ያስታውሳሉ፤ ጋስጫና ተድባበ ማርያም ደግሞ ጥንታዊውን የክርስትና ዘመን። አንድ ዘር ብቻ ነኝ የሚል ሰው በዚህ ደጋ ላይ ካለ ወደ ኋላ በቅጡ አልቆጠረም።

ነገር ግን ይህ ፍቅር ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሲያደርጉ የወሎ ሙስሊም በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እኒያ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ናቸው። ያልተቀበሉት ተሰደዱ፤ ሸህ ጦልሐን የመሰሉ ዑለማ መሣሪያ አንሥተው ተቃወሙ። ብዙ ደም ፈሰሰ። አንድ ቤተሰብ ከሁለት የተከፈለው ያኔ ነው። እንግዲህ ያ ቁስል ባለበት አገር ላይ ነው አያቶቻችን ቅሬውን ያጸኑት፣ የተጋቡት፣ በዓሉን የተካፈሉት። ማንም በአዋጅ አላዘዛቸውም። ቁጭ ብለው፣ ተመካክረው፣ ልጅ ሰጥተው ልጅ ተቀብለው ያመጡት ነገር ነው። እንዴት አድርገው በሃይማኖት መካከል የነበረውን ግንብ አፈረሱት? በሽምግልና፣ በቅሬ፣ በጋብቻ። ያው ሽምግልና፣ ያው ቅሬ፣ ያው ጋብቻ ለቀጥቃጩና ለሸክላ ሠሪዋ ሲሆን ለምን ይከብደናል? መሣሪያው በእጃችን አለ። ያልተጠቀምንበት ሳንፈልግ ቀርተን ነው።

ሰዎች ከፈለጉ ምን ያህል እንደሚቻል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ ያለው አውራምባ ማኅበረሰብ ኑሮውን የመሠረተው በሽመና ላይ ነው። መሥራቹ ዙምራ ኑሩ ወንድና ሴት ሥራ እንዳይለዩ፣ ሰው በሰውነቱ ብቻ እንዲከበር አስተማረ። ጎረቤት አልወደዳቸውም፤ በደርግ ዘመን አገር ጥለው እስከ መሰደድ ደርሰዋል፤ ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው የተመለሱት። ዛሬ ሽመናውን ለማየት ከውጭ አገር ሳይቀር ሰው ይመጣል። የተናቀው ሙያ የመንደሩ ኩራት ሆኗል። በሁሉም ነገራቸው መስማማት አይጠበቅብንም፤ በሸማ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ክብር እንዳለው ግን አሳይተዋል።

አሁን ወደሚያመው ነገር ልግባ። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ከወሎ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ መተከል ሄዶ ሰፈረ። ወንድሞቻችን እዚያ ወለዱ፣ አረሱ፣ ቤት ሠሩ። ልጆቻቸው ከዚያ ሌላ አገር አያውቁም። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ከወሎ የሄዱ ሰፋሪዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። የተገደሉት በሠሩት ጥፋት አይደለም፤ አጥንታቸው ተቆጥሮ ነው። ወደ ደቡብ ወሎ የተመለሱት ተፈናቃዮችም በድንኳን ውስጥ ከርመዋል። አጥንት መቁጠር ምን እንደሚያደርስ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ደግሞ ፍርዱ ወደ እኛም ይዞራል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች በግጭት ተገደሉ፤ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ለመማር ወደ ወሎ የመጡ የሰው ልጆች ናቸው። ዛሬ መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት፤ ከየአገሩ ወጣት ይመጣል። ያ ልጅ ወደ ገበያ ሲወጣ፣ ቤት ሲከራይ፣ ታምሞ ሆስፒታል ሲሄድ "የማን ልጅ ነህ? ከየት ነህ?" የምንለው ለወጉ ነው ወይስ ለመለየት? እሱ ልዩነቱን ይሰማዋል። ቀጥቃጭን በአያቱ የሚለይ አንደበት ተማሪውንም በክልሉ መለየት አይከብደውም። እኔ ሁለቱን ለያይቼ ማየት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ስለ ሕጉ በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ሲደነግግ ዘርንና ሃይማኖትን ብቻ አላነሣም፤ ማኅበራዊ አመጣጥንና ትውልድንም ጠቅሷል። ይህ ማለት በአያትህ ሙያ ምክንያት ሥራ ልትከለከል፣ መሬት ልትነፈግ፣ ልጅህ ክፍል ውስጥ ተለይቶ ሊቀመጥ አይችልም። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎ ማስወገጃ ስምምነትም ትውልድን መሠረት ያደረገ ልዩነትን ይከለክላል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅም አለ፤ ቁጥሩ 1185/2012 ነው። ቡዳ ነህ ተብሎ የተደበደበ ወይም ከቀዬው የተባረረ ሰው ወደ ፖሊስ ይሂድ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ አለው። ሕግ ግን ሰርግ ላይ ማንን ከማን አጠገብ እንደምናስቀምጥ አያዝም። ያ በእኛ እጅ ያለ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዳችሁ እንደየቦታችሁ ልናገር። ቀሳውስት አባቶቻችን፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይተዳደር እንደነበር ታስተምራላችሁ፤ የአምላክ እናት እጮኛ ዮሴፍም ጠራቢ ነበር። ይህን በመቃብር ቦታ ጉዳይ ላይም አስተምሩልን። ሸሆቻችን፣ ነቢዩ ዳውድ ብረት እንደ ለሰለሰላቸውና ጥሩር ይሠሩ እንደነበር ከቁርኣን የምታውቁ እናንተ ናችሁ፤ ቢላልም ከባርነት ወጥተው የመጀመሪያው አዛን አድራጊ ሆነዋል። በጁምዓ ኹጥባ ላይ ይነገር። መምህራን፣ ስም ስትጠሩ ሳቅ የሚነሣበት ልጅ ካለ ሳቁን አትለፉት፤ ቁሙና አስቁሙት። አማች ጠያቂ ሆናችሁ የምትላኩ ሽማግሌዎች፣ አጥንቱን እንድትጠይቁ ስትታዘዙ "ይህን አልጠይቅም፤ ጠባዩንና ሥራውን ልጠይቅላችሁ" ማለት ትችላላችሁ። አንድ የተከበረ ሽማግሌ ይህን ካለ ነገሩ በዚያው ቀን በመንደሩ ይሰማል፤ ሌላውም ይደፍራል።

እናቶች፣ በእናንተ ላይ የምጥለው ሸክም ከሁሉ ይበልጣል፤ ፍርሃቱ የሚተላለፈው በጭን ላይ ነውና። ልጃችሁን ይዛችሁ ምጣድ ስትገዙ ፊቱን አትሸፍኑት። ሴትዮዋን በስሟ ጥሯት። ልጁ ስሟን ይወቅ።

ወጣቶች፣ እናንተ ደግሞ በፌስቡክና በቲክቶክ የዘር ስድብ ሲዘዋወር ሳቁን ጨምራችሁ አታሳልፉት። የሸክላ ሠሪ ወይም የቀጥቃጭ ልጅ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ሙያችሁን ደብቃችሁ ከተማ አትጥፉ ለማለት ድፍረቱ የለኝም፤ የተገፋ ሰው መሄዱ መብቱ ነው። ግን ሙያው ካልተያዘ በደጋው ላይ ማረሻ የሚያሾል እጅ እየጠፋ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ጋር ተያይዞ፣ በማኅበር ተደራጅቶ፣ በብድር ታግዞ የሚሠራ አንጥረኛ የተሻለ ገቢ ያገኛል። ለዚህ የተቋቋሙ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አሉ፤ ሂዱና ጠይቁ።

የቅሬ ዳኞችና ጸሐፊዎች የሆናችሁ አድማጮቻችን ደግሞ ሰሞኑን ጉባኤ ሲኖራችሁ አጀንዳ አድርጋችሁ እንድትወያዩበት ሁለት ጥያቄዎችን እንተውላችሁ። አንደኛው፣ በቀበሌያችሁ ቅሬ ያልገባ ወይም ገብቶም ሳህን ለብቻ የሚቀመጥለት ቤተሰብ አለ ወይ? ሁለተኛው፣ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ሰውን በአጥንቱ ወይም በሙያው የሰደበ አባል ምን እንደሚቀጣ ተጽፏል ወይ? ካልተጻፈ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ አባላቱም ይፈርሙበት። ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብትልኩልን፣ ስም ሳንጠራ በሚቀጥለው ዝግጅት እናነብባለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)